ጭስ የሌለዎት ጌታ ሆይ፣ እጅ ነስተናል

ምስጋናችንን በአደባባይ ማቅረብ ግዴታችን ነው። ያቺን ትንሽዬ የቤንዚን መኪናዎን ጋራዥ አስገብተው፣ ሞተሯን አስወርደው፣ በቦታው የኤሌክትሪክ ሞተር ካስገጠሙባት ወዲህ ዓለም እፎይ ብላለች። ማርሚታው ተነቀለ። የነዳጅ ታንከሩ ወጣ። ኋላ መስታወቱ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ያለበት ስቲከር ተለጠፈ፤ «ዜሮ ጭስ» ይላል። በቃ፣ ከደሙ ንጹሕ ነዎት።

እኛ ገና ጭስ ላይ ያለን ኃጥአን ከኋላዎ ተሰልፈን ስቲከሩን እያነበብን እንከተላለን። ቀይ መብራት ሲይዘንማ ደጋግመን እናነበዋለን።

ከሁሉ የሚገርመን የሒሳብ ችሎታዎ ነው። ሌላው ሰው የአንድ መኪና ብክለት ስንት እንደሆነ ለማወቅ ማዕድኑን፣ ፋብሪካውን፣ የኤሌክትሪኩን ምንጭ፣ መጨረሻ ላይ የሚጣልበትን ቦታ ሳይቀር ሲደምርና ሲቀንስ ራሱ ይዞርበታል። እርስዎ ከመኪናዋ ኋላ ቁጢጥ ብለው አዩ። ጭስ የለም። ስለዚህ ብክለት የለም። ሳይንቲስቶች ይህን ያህል ዓመት ምን ሲሠሩ እንደቆዩ አይገባንም።

«የወረደው የቤንዚን ሞተርስ የት ደረሰ?» የሚል ምቀኛ አይጠፋም። የት ይደርሳል? ደህና ዋጋ አውጥቶ ተሸጠ እንጂ። ገዢው ሞተሩ የነከሰበት መኪና ነበረው። ያ መኪና ተቆራርጦ ሊቀልጥ ሲል በእርስዎ ሞተር ነፍስ ዘራ። አሁን ያው ሞተር፣ ያው ጭስ፣ በሌላ ኮፈን ሥር ከተማውን ይዞራል። ግን የእርስዎ አይደለም። የስም ዝውውሩ በሕግ አልቋል፤ ጭሱም አብሮ ዞሯል።

ወደ ባትሪው እንምጣ። ክብርዎ ከሁሉ በላይ የሚደምቀው እዚህ ነው። አይቪኤል የተባለው የስዊድን የአካባቢ ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ግምት መሠረት አንድ ኪሎዋት ሰዓት (የኤሌክትሪክ ጉልበት መለኪያ ነው) የሚይዝ የሊቲየም ባትሪ ሲሠራ ከ61 እስከ 106 ኪሎ የካርቦን ልቀት ይከተላል። ለትንሽ መኪና 20 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ቢገጠም፣ መኪናዋ ገና ከጋራዡ በር ሳትወጣ ከ1.2 እስከ 2.1 ቶን ዕዳ አለባት። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ድሮ በ100 ኪሎ ሜትር 6 ሊትር ትጠጣ ከነበረ፣ ዕዳው በቤንዚን ከ9,000 እስከ 15,000 ኪሎ ሜትር ከመንዳት ጋር እኩል ነው ማለት ነው።

ሲሠራ የሚውል መኪና ይህን ቶሎ ይከፍለዋል። የእርስዎዋ ግን የምትወጣው ቅዳሜና እሁድ ነው፤ ያውም ፀሐይ ከሆነ። በዓመት 2,000 ኪሎ ሜትር ብትሄድ፣ ኤሌክትሪኩም እንከን የሌለው ንጹሕ ቢሆን፣ ዕዳዋን ለመጨረስ ከአራት ዓመት ተኩል እስከ ሰባት ዓመት ተኩል ይፈጅባታል። ስቲከሩ የተለጠፈው ግን በመጀመሪያው ቀን ነው። ቅድስናን በዱቤ የሚወስድ ሰው አይተን አናውቅም ነበር።

መካኒኩ፣ መቼም ክፉ ሰው አይደለም፣ አንድ ሐሳብ አቅርቦልዎት ነበር። ከተጋጨ የኤሌክትሪክ መኪና የወጣ ባትሪ አለ አለዎት። አቅሙ ትንሽ ቢቀንስም ለከተማ ይበቃል፤ አንዴ የተሠራ ስለሆነ አዲስ ማዕድን አያስቆፍርም። እርስዎ ተቆጡ። «እኔ የተፈጥሮ ወዳጅ ነኝ! ሰው የተጠቀመበትን አልገጥምም!» አሉ። አዲስ ታዘዘ። 20ም አልበቃም፣ 40 ኪሎዋት ሰዓት ይሁንልኝ አሉ፤ ድንገት ረጅም መንገድ ቢመጣ ተብሎ። ዕዳው እጥፍ ሆነ። ረጅሙ መንገድ እስካሁን አልመጣም።

ስለ ማዕድኑ ባናነሳ ደስ ይለናል፤ ግን ውዳሴው ጎዶሎ ይሆናል። ከዓለም ኮባልት አብዛኛው የሚወጣው ከኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ነው። ከፊሉን በእጃቸው እየቆፈሩ የሚያወጡት ድሆች ናቸው፤ ሕፃናትም አሉበት። ሊቲየሙ በቺሊ አታካማ በረሃ ከጨው ሐይቅ ሥር ይቀዳል። ከምድር እጅግ ደረቅ ከሚባሉት ቦታዎች በአንዱ ላይ ጨዋማው ውኃ በሰፋፊ ገንዳዎች ተዘርግቶ ፀሐይ እንዲመጠው ይተዋል። ኒኬሉ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ሲቀልጥ ለማቅለጫው ተብሎ የተሠራ የድንጋይ ከሰል ማመንጫ አጠገቡ ይጨሳል። ኮባልትም ኒኬልም የሌለው፣ በብረትና በፎስፌት የሚሠራ የሊቲየም ባትሪ ገበያ ላይ አለ። እርስዎ ግን ክብደቱ ትንሽ ከፍ ይላል ብለው ትተውታል። ደግሞስ ኮንጎ ሩቅ ነው፤ አታካማም ሩቅ ነው። እንደ ርቀት ያለ የጭስ ማጣሪያ የትኛውም ፋብሪካ አልሠራም።

ማታ ሶኬት ላይ ሲሰኩት የሚመጣው ኤሌክትሪክስ? ከውኃ፣ ከነፋስ ወይም ከፀሐይ ከሆነ አፋችንን እንዘጋለን። ከድንጋይ ከሰል የሚመነጭ ከሆነ ግን አንድ ኪሎዋት ሰዓት አንድ ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 15 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ትፈጃለች፤ 15 ኪሎ ማለት ነው። የድሮው 6 ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ 14 ኪሎ ነበር። ቤንዚኑን ለማውጣትና ለማጣራት የሚባክነውን ብንጨምርበት ደግሞ ሁለቱ ተቀራርበው ቁጭ ይላሉ። ያኔ የባትሪው ዕዳ መቼም አይከፈልም። ማርሚታዎ አልጠፋም ጌታዬ፤ ቁመቱ ጨምሮ ከከተማ ውጭ ቆሟል። የእርስዎ መንገድ አየር ተሻሽሏል፤ ይህን የሚክድ ካለ ውሸታም ነው። ማመንጫው ሥር የሚኖሩት ሰዎች ግን ስለ ስቲከርዎ አልሰሙም።

ከእርስዎ በፊት መኪናቸውን ወደ ኤሌክትሪክ የቀየሩትን አባቶችም ማመስገን ይገባል። እነሱ የእርሳስ አሲድ ባትሪ ይጭኑ ነበር። አንድ ኪሎው የሚይዘው ከ30 እስከ 40 ዋት ሰዓት ብቻ ስለሆነ፣ 10 ኪሎዋት ሰዓት ለመያዝ 300 ኪሎ ገደማ ይጫናል። ምስኪኗ መኪና ሹፌሩ ሳይገባ አራት ሰው አሳፍራ የምትሄድ ይመስል ነበር። ሞላዋ ተኛ፣ ጎማዋ ቶሎ አለቀ፣ ፍሬኗ አልይዝ አለ። ባትሪው ሲያረጅ ደግሞ ሰው ግቢ ውስጥ እርሳሱን አቅልጦ ለሚሸጥ ሰው ተሰጠ። የእርሳስ ብናኝ የልጆችን አእምሮ እንደሚጎዳ ያኔም ይታወቅ ነበር። ጭስ ግን ከመኪናዋ አልወጣም፤ ዋናው እሱ ነው።

በነገራችን ላይ የተቃራኒው ጎራ ጻድቃንም እንዳይከፋቸው። ሦስት ሰው የሚያክል ጎማ ባለው ናፍጣ መኪና ላይ ተቀምጠው «ባትሪ ከናፍጣ ይብሳል!» የሚሉትን ማለቴ ነው። የሚጠቅሱት ያንኑ የስዊድን ተቋም ነው፤ ግን የ2017ቱን ሪፖርት፣ በኪሎዋት ሰዓት ከ150 እስከ 200 ኪሎ ይል የነበረውን። ተቋሙ ራሱ ከሁለት ዓመት በኋላ ቁጥሩን ዝቅ አድርጎታል። እነሱ አላደረጉትም። ለኮንጎ ሕፃናት የሚያለቅሱትም ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ሲወራ ብቻ ነው። ኮባልት ያለበት ስልካቸው ኪሳቸው ውስጥ ሲጮህ ግን እንባቸው ወዲያው ይደርቃል።

ሽልማት የማይገባቸውም አሉ። አንዱ ቀኑን ሙሉ ዕቃ ሲያመላልስ የሚውል ሰው ነው። አካሏ ደህና የሆነች አሮጌ መኪና መረጠ። አዲስ ቆርቆሮ አላስቀጠቀጠም። ከተጋጨ መኪና የወጣ ባትሪ ገጠመ፤ ለቀኑ ሥራ የሚበቃውን ያህል ብቻ። የድሮውን ካምቢዮ አልጣለም። የወረደውን ሞተር አስቆራርጦ ለማቅለጫ ሰጠ። ቻርጅ የሚያደርገው ከፀሐይ ነው። የቤንዚን ሞተር ከሚጠጣው ነዳጅ ሩብ ያህሉን ብቻ ወደ ጎማ ሲያደርስ፣ የኤሌክትሪክ ሞተር የሚሰጠውን ኃይል አብዛኛውን እንደሚያደርስ ስላወቀ፣ ያንን ትርፍ በየቀኑ ይበላዋል። ስቲከር ግን አልለጠፈም። ስለዚህ ስለ እሱ ምንም አናውቅም፤ ብናውቅም አናጨበጭብለትም።

አንድ የመጨረሻ ገድል ይቀረናል። ድሮ ጥግ ላይ ወዳለው ሱቅ በእግርዎ ይሄዱ ነበር። «ለዚህች ቤንዚን አላቃጥልም» እያሉ። አሁን መኪናዋ ጭስ የላትም፤ ስለዚህ በመኪና ይሄዳሉ። ጓደኛዎ ጋ ሲሄዱ አውቶቡስ ይሳፈሩ ነበር፤ አሁን ለምን ብለው? ባለቤትዎም ለራሳቸው አንዲት ትንሽ መኪና ፈልገዋል፤ እሷም ትቀየራለች። ባትሪዋ አዲስ እንዲሆን ከወዲሁ ተነግሯል። ስቲከሩንም ሁለት አድርገው ገዝተዋል፤ በጅምላ ቅናሽ አለው።