እሹሩሩም ዘፈን ነው ተባለ

ከክርስትናው ቤት ከተመለስሁ ገና አንድ ሰዓት አልሞላኝም። ጫማዬን እንኳ አላወለቅሁም። ካልጻፍሁት እንቅልፍ አይወስደኝም።

ሰውዬው ማን እንደሆነ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ስሙን አልጠራም። ባለፈው ዓመት የሠርጉ መልስ ላይ ክራሩን ያስቆመው ያው ሰው ነው። ያን ጊዜ «ተዉት፣ እንግዳ ነው» ተብሎ ታለፈ። እኔም ዝም አልሁ። ዛሬ ግን አያቴን ነካ።

ሕፃኑ ቀኑን ሙሉ ከእቅፍ ወደ እቅፍ ሲዞር ውሎ ማምሻውን ለቅሶውን ለቀቀው። እናቱ አባበለችው፣ አክስቶቹ አባበሉት፣ አልሆነም። አያቴ ተቀበለቻቸው። ነጠላዋን ደረብ አደረገችለት፣ በቀኝ መዳፏ ጀርባውን ቸብ ቸብ እያደረገች እሹሩሩዋን ጀመረች። እኛን ሁላችንን ያስተኛችበት ድምፅ ነው፤ አሁን ትንሽ ሻክሯል። ልጁ ሁለት ጊዜ ተንሰቀሰቀና ዓይኑ ከበድ ከበድ ይለው ጀመር። ይሄኔ ሰውዬው ብርጭቆውን አስቀምጦ፣ «እማማ፣ ዛሬ እንኳ ዘፈን ይቅርብን፤ ልጁ የተጠመቀበት ቀን ነው» አላት።

ዘፈን! እሹሩሩን! ሰባቱን አጽዋማት ሳታጓድል ሰማንያ ዓመት ያለፋትን ሴት!

አያቴ ድምፅዋን አቋረጠች። እጇ ብቻ ቸብ ቸብ ማድረጉን ቀጠለ።

«የቱ ነው ዘፈኑ?» አልሁት። «ዘፋኝነት ተብሎ ተጽፏል፤ ገላትያ ምዕራፍ 5 ቁጥር 21። ከስካር ቀጥሎ ነው የተቀመጠው፤ አንብብ» አለኝ። አንብቤዋለሁ። እዚያ ቦታ ላይ ግሪክኛው ኮሞስ ነው የሚለው፤ ከመጠጥ በኋላ በሌሊት እየጮኹ በየመንገዱ የሚዞሩበት ፈንጠዝያ ማለት ነው፣ ስለዚህም ነው ከስካር ጋር የተጎራበተው፣ ልጅ ማስተኛት ከዚህ ጋር ምን አገናኘው ብዬ ልቀጥል ስል አቋረጠኝ።

«ግሪክኛውን ደግሞ የት ተማርኸው?»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ።

«መጻሕፍት ውስጥ አለ» አልሁ።

«ወንድሜ፣ ስልክ መነካካት መምህር አያደርግም» አለኝና ወደ ጎረቤቱ ዞረ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። አጎቴ ሳይቀር! እኔ ጉሮሮዬ ላይ የተሰካ መልስ ይዤ እንጀራዬን ስቆርስ ቀረሁ። በመንገዴ ሁሉ ስመልስለት መጣሁ፤ እዚያ ያላስጨረሰኝን እዚህ ልጨርሰው።

ዘፈነ በግዕዝ ዘፈን አወጣ፣ በድምፁ አዜመ ማለት አይደለም። ጨፈረ፣ አሸበሸበ፣ በእግሩ ዘለለ ማለት ነው። ጀርመናዊው የግዕዝ ሊቅ ዲልማን በ1865 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የግዕዝ መዝገበ ቃላት በላቲን የፈታው በጭፈራ ነው። ዐረብኛውም ዘፈነ ሲል ጨፈረ ማለቱ ነው፤ በሐዲስ ውስጥ ሐበሾች በዒድ ቀን መስጊድ ውስጥ ሲጫወቱ የተነገረው በዚሁ ቃል ነው። በአማርኛ ግን ቃሉ ቀስ በቀስ ከእግር ወደ ጉሮሮ ወጣ። ጨፋሪውና አዜሚው አንድ ሜዳ ላይ፣ ባንድ ከበሮ ስለሚገናኙ የአንዱ ስም ለሌላው ቢሆን አይገርምም። እግሩ ጭፈራና እስክስታ የሚባል የራሱ ስም አገኘ፤ ዘፈን ለድምፁ ቀረ።

በ1954 ዓ.ም. የታተመውን መጽሐፍ ቅዱስ ግለጡ፤ የቃሉ አሮጌ ፍቺ እዚያው አለ። የሄሮድያዳ ልጅ በሄሮድስ ልደት ቀን «በመካከላቸው ዘፈነች» ይላል። ልጅቱ በድምፅዋ አይደለም ንጉሡን ያስማለችው፤ ጨፍራ ነው። ዳዊት በታቦቱ ፊት በሙሉ ኃይሉ «ይዘፍን ነበር» ይላል። ሚስቱ ሜልኮል በመስኮት አይታ የናቀችው ሲዘልል ነው፤ የተነወረችው ግን ናቂዋ እሷው ናት። መዝሙር 150ም «በከበሮና በዘፈን አመስግኑት» ይላል። አመስግኑት! እንግዲህ ቃሉ ራሱ ኃጢአት ከሆነ ይህን የት እናድርሰው? ሰውዬው ይህን ምዕራፍ በቃሉ ያውቀዋል፤ በየሳምንቱ ሲደግመው ሰምቼዋለሁ።

ደግሞ «እኛ ዘፈን አንወድም፣ መዝሙር ነው የምንወደው» ይላል። ይወደድ፤ እኔም እወዳለሁ። ግን መዝሙር ከዘመረ ነው የመጣው፤ አዝማሪም ከዚያው ከዘመረ ነው! አንዱን ቃል አጥነን ደረታችን ላይ እናኖራለን፣ ወንድሙን ደግሞ ስድብ አድርገን «ምን ይሄ አዝማሪ» እንላለን። መሰንቆውን ይዞ በየቤቱ ስንቱን ታሪክ ያቆየልን ሰው ስሙ ከመዝሙር ጋር አንድ ሥር መሆኑን ብናውቅ ኖሮ እንዲህ ባላዋረድነው። በየትምህርት ቤቱ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል የሚዘመረውስ? ብሔራዊ መዝሙር አይደል የሚባለው? ቅዳሴ ነው ብሎ የተከራከረ ሰው አላየሁም። ዜማስ? ቅዱስ ያሬድ በስድስተኛው መቶ ዘመን ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ብሎ ያቆየው ዜማ ነው፤ ባለ ክራሩም «ዜማው የእኔ ነው» ሲል የሚከሰው የለም። ማኅሌት ራሱ ከሐለየ የወጣ ነው፤ መኃልየ መኃልይም ከዚያው። እሱን መጽሐፍ ያነበበ ሰው ስለ ፍቅር ማዜም ከሰማይ የተከለከለ ነው ብሎ እንዴት አፉን ሞልቶ ይናገራል?

ሊቃውንቱ ጽናጽልና መቋሚያ ይዘው፣ ከበሮው እየጎላ፣ ወረቡን ሲወርቡ አይታችኋል። ጉልበታቸው ሸብረክ፣ መቋሚያቸው ወደ ፊት ወደ ኋላ። ጥንታዊው ግዕዝ ዘፈነ የሚለው ለዚህ ዓይነቱ የአካል እንቅስቃሴ ነው። እሱን እያየ ደስ ብሎት ያጨበጨበ ሰው ቤት ገብቶ አያቴን ዝም ያሰኛል!

አንድ ወዳጄ አለ፣ ድምፁ እንጀራው ነው። መታወቂያ ሊያወጣ ሄዶ ሥራህ ሲባል «ዘፋኝ» አለ። ጸሐፊዋ ቀና ብላ አይታው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «ድምፃዊ ልበለው?» አለችው። እንዳታዋርደው አዝና ነው። እሱም «በይው» አለ። የነገረኝ ቀን ሳቅን፤ ዛሬ ሳስበው አንጀቴ ይበላል። ሃያ ዓመት የለፋበትን ሙያ በስሙ መጥራት ነውር የሆነበት ሰው ነው። ሁሉም ድምፃዊና አርቲስት የሆነው እኮ ወዶ አይደለም፣ ከዚህች አንዲት ቃል እየሸሸ ነው።

ዘፈን ሁሉ ቅዱስ ነው አላልሁም። ስድብም ብልግናም የሚዘፈንበት አለ፤ እኔም ልጆቼ ፊት የማጠፋው አለ። ሃይማኖቱ ዓለማዊ ዘፈን አታዳምጥ ያለውም ሰው መብቱ ነው፣ አከብርለታለሁ። የሚያቃጥለኝ ሌላ ነው፤ ቃሉን ሳይመረምር በትር አድርጎ ይዞ የሚዞረው፣ ሙሾውንም እንጉርጉሮውንም የእረኛውንም የወፍጮውንም ባንድ ጨርቅ ጠቅልሎ ኃጢአት የሚለው፣ ሲጠየቅም በሳቅ የሚያመልጠው።

ደክሞኛል። ብመልስለትም አይሰማም፤ በሚቀጥለውም ማኅበር ከፊት ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው።

ልወጣ ስል አያቴ ጓዳ ጠራችኝ። ሕፃኑ አሁንም እቅፏ ውስጥ ነው። «ልጄ፣» አለችኝ ድምፅዋን ቀንሳ፣ «እሹሩሩም ዘፈን ነው እንዴ? እናንተን ሁሉ ስበድል ነው የኖርሁት?»

«አይደለም እማዬ፣ በጭራሽ አይደለም» አልኋት። ራሷን ነቀነቀች። ልጁ መልሶ አለቀሰ። እሷም በዝምታ ታወዛውዘው ጀመር።