ለክቡር «ለሁሉም ማሽን ይሆናል» ኮይል፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ባዶ ሆኖ ስለተገኘ ጉድጓድ ማብራሪያ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ቅዳሜ ዕለት በምዕራብ ጎጃም ቆላ፣ ውሃው በደረቀ ጅረት ውስጥ፣ በእርስዎ፣ ማለትም በወርቅ መፈለጊያ ማሽን ጫፍ ተገጥሞ መሬቱን በሚያዳምጠው የሽቦ ጥቅል፣ መሪነት የተቆፈረውን ጉድጓድ ይመለከታል። ስፋቱ አንድ ሜትር፣ ጥልቀቱ እስከ ወገብ። የቆፈሩት አምስት ሰዎች። የፈጀው ከረፋድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት። የተገኘው ድንጋይ፣ ከድንጋዩ ሥር ሌላ ድንጋይ።

ሲጀመር እንዴት ያለ ድምፅ ነበር! ማሽኑ ከቀኝ ወደ ግራ ሲወዛወዝ፣ ልክ ግራ ጫፍ ላይ እንደደረሱ «ዊ...ው» አሉ። ሲደገም፣ «ዊ...ው»። በሦስተኛውም ያው ቦታ፣ ያው ዜማ። ዶማ መጣ። ክንድ ያህል ተቆፈረ፤ አልተዉም። ሁለት ክንድ ተቆፈረ፤ አልተዉም። የወጣው አፈር ላይ ስናሳልፍዎት ዝም፣ ጉድጓዱ ውስጥ ስናስገባዎት ግን ድምፅዎ እንዲያውም ጎላ። «ወርቁ ወደ ታች ወርዷል» ተባለ። ወርቅ ከባድ ነው፣ በጅረት ውስጥ እየሰመጠ ዓለቱ ጋ ነው የሚያርፈው፤ ይህን ማን ይክዳል? ትልቁ ድንጋይ በሦስት ሰው ተፈነቀለ። ከመንገድ ያለፈ ሁሉ ቆመ። ገና ያልወጣው ወርቅ እንዴት እንደሚከፋፈል ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ጭቅጭቅ ተጀመረ።

ከብት የሚጠብቅ አንድ ልጅ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ብዙ ሰዓት ሲያይ ቆይቶ ነበር። በመጨረሻ አላስችል ሲለው፣ «ጋሼ፣ ቅድም ትከሻችሁ ላይ ስታደርጉትም ጮኋል እኮ። ወርቁ ሰማይ ላይ ነው እንዴ?» አለ።

ማሽኑ ወደ ሰማይ ተነሣ። ገመድዎ ነካ ተደረገ። «ዊ...ው»።

ክቡር ሆይ፣ ገመድዎ ከሰውነትዎ ጋር በሚጋጠምበት አንገት ላይ የውስጡ ሽቦ ተበጥሶ፣ በላዩ ጎማ ብቻ ተይዞ ኖሯል። ግራ ጫፍ ላይ አንገትዎ ይታጠፋል፣ የተበጠሰው ሽቦ ይነካካል፣ ይጮኻሉ። የቆመው ሰው አንድ፣ የሚወዛወዝበት ስፋት አንድ፤ ስለዚህ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይጮኻሉ። ጉድጓድ ሲገቡ ደግሞ አንገትዎ የባሰ ይታጠፋል፣ የባሰ ይጮኻሉ። እስከ ወገብ የተቆፈረው የእርስዎን የአንገት ሕመም ፍለጋ ነበር።

ደንቡን አናውቅም እንዳይመስልዎ። ድምፅ ሲሰማ መጀመሪያ ዘጠና ዲግሪ ዞሮ በሌላ አቅጣጫ ማሳለፍ፤ እውነተኛ ወርቅ ከሁለቱም በኩል አንድ ቦታ ላይ ይናገራል። ቀጥሎ ኮይሉን ቀስ እያደረጉ ከመሬት ማራቅ፤ ድምፁ እየሳሳ መሄድ አለበት፣ ካልሳሳ ከመሬት የመጣ አይደለም። ከዚያ ማሽኑን ከሞባይል፣ ከሰዓትና ከዶማ አርቆ በደረት ከፍታ ይዞ፣ ገመዱን ከሶኬቱም ከአንገቱም በኩል ማወዛወዝ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ይህን ያልሠራነው «አዲስ ነው፣ ከካርቶን አሁን ወጣ» ስለተባለ ብቻ ነው። አዲስ ነገር አይፈተንም የሚል እምነት ከየት እንደያዘን ፈጣሪ ይወቅ።

ሱቅ ውስጥ ግን ምን ያለ አንደበት ነበረዎት! ሻጩ የጋብቻ ቀለበቱን አውልቆ በፊትዎ ቢያሳልፈው ከስንዝር በላይ ርቀት ላይ ጮኹ። ጠገራ ብር አምጥቶ ቢያሳይዎት ግድግዳውን አናወጡት። አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል። ቀለበት ዙሪያው የገጠመ ስለሆነ ኤሌክትሪኩ ሳይቋረጥ ይዞርበታል፣ ለማሽን ከዚህ የቀለለ ነገር የለም። ጠገራው፣ 1780 የተቀረጸበት የድሮው ብር፣ 28 ግራም ይመዝናል፤ እሱን የማያይ ኮይል ክዳን ሆኖ ድስት ላይ ይቀመጥ። እኛ የምንፈልገው ግን ግማሽ ግራም የማይሞላ፣ ቅርጹ የጎረበጠ፣ ቀይ አፈር ውስጥ የተቀበረ ፍሬ ነው። ሱቅ ውስጥ በአየር ላይ የሚደረግ ፈተና አፈሩን አያካትትም፤ ቀልዱ ያለው ደግሞ አፈሩ ላይ ነው።

እውነተኛው ፈተና ብዙ ገንዘብ አያስወጣም። የአሳ መረብ ላይ የሚታሰረውን እርሳስ በቢላ ቆርጦ የምስር ፍሬ ማሳከል፤ እርሳስ ለማሽን ከወርቅ ጋር ተቀራራቢ ድምፅ ይሰጣል። አምስት ጣት ያህል መቅበር። በመጀመሪያ ከማሽኑ ጋር በመጣው ኮይል፣ ቀጥሎ በእርስዎ፣ የማሽኑን ማስተካከያዎች ሳይነኩ፣ መሬቱን ግን (ማለትም ማሽኑ የአፈሩን ድምፅ ችላ እንዲል) ለእያንዳንዳችሁ እንደ አዲስ አመጣጥኖ። ለዚህ ፈተና ፈቃደኛ ያልሆነ ሻጭ መልሱን ሰጥቷል።

አሁን ከ«እርስዎ» ወርደን እንነጋገር።

አንተ «ሞኖ» ነኝ ብለህ፣ «ከሁሉ ይልቅ በጥልቀት አያለሁ» ብለህ ነው የመጣኸው። ሞኖ ያው አንድ ሽቦ የሚልክም የሚቀበልም የሆነበት ነው። በገራም አፈር ላይ እውነትም ጠልቆ ያያል፣ ጠርዙም ስለታም ነው። የጎጃም ቀይ አፈር ግን ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጨ፣ ብረት የጠገበ አፈር ነው፤ ወደ ቆላው ሲወረድም እየታጠበ ይከተላል። እዚህ ላይ ሞኖ መሬቱን ራሱን ሲያወራ ይውላል። ሁለት የ«ዲ» ቅርጽ ሽቦ የተደራረበበት ዲዲ ጥልቀት በመጠኑ ቢያጣም ጸጥ ይላል። በዚያ ላይ ጂፒኤክስ 5000 በሚባለው የወርቅ መፈለጊያ ማሽን ብረትን ከሌላው ለመለየት የሚሠራው ዲዲ ሲሆን ብቻ ነው፤ ሞኖ ገጥሞ የብረት መለያውን ማዞር መብራት በሌለበት ማብሪያ ማጥፊያ እንደመጫን ነው። የሚስማርና የፈረስ ጫማ ስብርባሪ በሞላበት አሮጌ ሠፈር ሞኖ ይዞ መግባት ቀኑን ሙሉ ብረት ለቀማ ነው። ይህን ካርቶንህ ላይ አልጻፍክም። የጻፍከው «ሱፐር» ብለህ ነው።

ደግሞ መጠንህ! «ትልቅ ከሆነ ጥልቅ ነው» ያለህ ማነው? ስፋትህ እጥፍ ሲሆን ጥልቀትህ እጥፍ አይሆንም፤ ለትልቅ ወርቅ ትንሽ ይጨምራል፣ ለትንሿ ፍሬ ጭራሽ ይቀንሳል። 8 ኢንች የምትሰማትን 17 ኢንች ረግጦ ያልፋል። በድንጋዮች መካከል አትገባም፤ ሞላላ ብትሆን እንኳ በጎንህ ትሾልክ ነበር። ክብደትህ እስከ ቀትር ክንድ ይቆርጣል። ትልቅነትህ የኤሌክትሪክ ጩኸትም አብዝቶ ይሰበስባል፤ ከበለስ ወደ ባሕር ዳር በሚሄደው ባለ 400 ኪሎ ቮልት መስመር ሥር አንተን ይዞ መሥራት ገበያ መሃል ሹክሹክታ እንደማዳመጥ ነው። የወርቅ ዱቄትማ ተወው፤ ዱቄት የገበቴ ሥራ ነው፣ የትኛውም ኮይል አያየውም። አንተ ግን ካርቶንህ ላይ «ዱቄት» የሚል አስጽፈሃል!

ይህ ገንዘብ የማን መሰለህ? ሁለት በሬ የተሸጠበት ነው። በሬ ሸጦ ኮይል የገዛ ሰው በሰኔ የሚያርስበት የለውም። ልጅ ስቆብን ሄደ፣ ስቀን ተመለስን፣ እሺ። በሬዎቹ ግን አልተመለሱም። ያንን ሽቦ በሳንቲም የሚገመት ጎማ አልብሶ፣ አንገቱ ላይ መደገፊያ ሳያደርግ የሸጠን ሰው ጉድጓዳችን ውስጥ ቆሞ አንድ ሰዓት ቢቆፍር ይበቃን ነበር።

ይቅርታ፤ ወደ «እርስዎ» ተመልሰናል።

ሶኬትዎን በተመለከተ፦ ጂፒኤክስ 4500 እና 5000 የሚወስዱት ኮይል አንድ ነው፣ ከእነሱ በፊት የነበሩትም እንዲሁ። ጂፒኤክስ 6000 ግን ስሙ ይመሳሰል እንጂ የራሱ አለው፤ ጂፒዜድ 7000ም የራሱ። በእነዚህ ውስጥ ኮይሉን የሚለይ ቺፕ ስላለ ሶኬቱን ቆርጦ መቀጠል ብቻውን አይበቃም። «ጂፒኤክስ ጂፒኤክስ ነው» ያለን ሰው ለአክስቱ ልጅ እንደዚያ ብሎ አይሸጥም።

ከአውስትራሊያ ኮይልቴክና ነገት ፋይንደር የሚባሉ፣ ማሽኑን ሳይሆን ኮይሉን ብቻ የሚሠሩ ሰዎች እንዳሉ እናውቃለን። ዘመድ ነኝ ማለትዎ ነበር አሳዛኙ፤ ስማቸውን እንኳ አሳስተው ነው የለጠፉት።

የፕላስቲክ ብሎንዎ በሁለተኛው ቀን ተሰበረ። በሚስማር ብንተካው ከሚስማሩ ጋር ቀኑን ሙሉ ተጨዋወቱ።

ክዳንዎ ሲከፈት ጥቁር አሸዋና ውሃ ተገኘ። ጥቁር አሸዋ ማግኔት የሚስበው ብረት ነው፤ ከሆድዎ ሥር ተኝቶ መሬቱን እንደ አዲስ ሲያመጣጥኑ ከርመዋል። በየምሽቱ ከፍቶ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ዳር ዳሩን በፕላስተር መዝጋት የእኛ ሥራ ነው፣ ተቀብለናል።

የወረፋው ነገር ባይነሣ ይሻላል። የባህላዊ ማዕድን ማምረት ፈቃድ ለማውጣት የቀበሌ ደብዳቤ፣ ሁለት ጉርድ ፎቶ፣ «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው»፣ መስኮት 4፣ «ኔትወርክ የለም»፣ ማህተም ያዢዋ ለቅሶ ላይ። ሁላችንም ቆመንበታል። እርስዎ ግን በአንድ ቀን፣ ያለ ፎቶ፣ ያለ ማህተም ገቡ።

በዋሸራ የቅኔ ተማሪ ሰሙን ገፍፎ ወርቁን ያወጣል። እርስዎ ያስገፈፉን ሰም ብቻ ነው።

ስለሆነም የአንገትዎ ገመድ በመልቲሜትር፣ በኤሌክትሪክ መለኪያው፣ ተይዞ፣ እየታጠፈ ሲለካ ቁጥሩ ለምን እንደሚዘል በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ እንዲያስረዱን እንጠይቃለን። እስከዚያው ገመድዎ በዘንጉ ላይ ተጠምጥሞ፣ አንገትዎ ጋ ሁለት ጣት ያህል ላላ ተደርጎ፣ ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ይቆያሉ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለጉድጓዱ፣ ከብት ሳይገባበት እስኪደፈን
ከማሽኑ ጋር ለመጣው የድሮ ኮይል፣ ከይቅርታ ጋር
ለከብት ጠባቂው ልጅ፣ በሚቀጥለው ግዢ ሱቅ ድረስ አብሮን እንዲሄድ