እርማት፦ ጄዱን ቢላ አልቀረጸውም

«የሊያንግጁን የጄድ ጌጦች በብረት ቢላ ነው የቀረጿቸው» የሚል አስተያየት ሲደጋገም አየሁና፣ ቅር ካላላችሁ ላርመው። ሊያንግጁ የጥንት ቻይና ባህል ነው፣ ጄድ ደግሞ ጠንካራ የከበረ ድንጋይ፤ ጌጦቹ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3300 እስከ 2300 ገደማ የተሠሩ ናቸው፤ ያኔ እዚያ ብረት የሚያቀልጥ አልነበረም። ቢኖርም ተራ ቢላ ጄድን አይጭረውም። ሥራው የአሸዋ ነው፦ እርጥብ የኳርትዝ (ከጄድ የሚጠነክር ማዕድን) አሸዋ እየጨመሩ በገመድ መፈተግ፣ በመሰርሰሪያ እያሽከረከሩ መብሳት (ትዕግሥታቸውን አስቡት!)። ማረጋገጥ የፈለገ ውጭው አራት ማዕዘን፣ ቀዳዳው ክብ የሆነውን «ጾንግ» የተባለ የጄድ ዕቃ ውስጡን በቅርብ ፎቶ ይመልከት፤ ከሁለት ወገን የተበሳው መሃል ላይ በትክክል ሳይገጥም ቀርቶ ብዙ ጊዜ ትንሽ እርከን ይታያል። ቢላውን ካመንን ግን የጌጦቹን ዕድሜ ከሺህ ዓመት በላይ እንቀንሳለን።