የጅቡቲ ዓመት ከድሬዳዋ ሲታይ

የጅቡቲ ከተማን የአንድ ዓመት የአየር ጠባይ የሚተርክ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ፤ ጽሑፉ በአብዛኛው የሚያስመሰግን ቢሆንም፣ የሐምሌን ሙቀት ከባሕር እርጥበት ጋር ብቻ ማያያዙ አላሳመነኝም። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ካምሲን የሚባለው ትኩስ ነፋስ ከምዕራብ፣ ማለትም ከየብሱ በረሃ በኩል ስለሚነፍስ፣ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት በዚያው ወቅት የአየሩ እርጥበት እንዲያውም ይቀንሳል። ልብስን ከገላ የሚያጣብቀው ወበቅ የሚበረታው ከዚያ በፊትና በኋላ፣ በግንቦትና በመስከረም ነው። በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር ተቀምጠን ስለ ሙቀት የምናማርር የድሬዳዋ ሰዎች ያንን ወበቅ አንድ ሌሊት ብናድርበት ቅሬታችን ሳይቀንስ አይቀርም፤ ከተማችን ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ በመሆኗ ምሽቷ ነፈስ ይላል፤ በጅቡቲ ግን የሐምሌ ሌሊት እንኳ ከ30 ዲግሪ በታች እምብዛም አይወርድም።

የዝናቡ ወቅትም ከእኛ ይለያል። እኛ በልግንና ክረምትን ስንጠብቅ፣ የጅቡቲ ጥቂት ዝናብ በብዛት የሚጥለው ከባሕር የሚመጣው የምሥራቅ ነፋስ በሚያይልበት በእኛ በጋ ነው። የዓመቱ ድምር ከ200 ሚሊ ሜትር በታች መሆኑ ግን አንባቢን ሊያዘናጋ አይገባም፤ በግንቦት 2010 ሳጋር የተባለው አውሎ ነፋስ ከተማዋን በጎርፍ አጥለቅልቋታል። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ከደጋው የወረደው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ በሌሊት ከ200 በላይ ሰዎችን የነጠቀን እኛ፣ የጽሑፉ ደራሲ ከወርኃዊ አማካይ ይልቅ በአንድ ቀን የጣለውን ከፍተኛ ዝናብ ቢያቀርቡልን እንመርጥ ነበር።