ማን ገፋው?

ቦቢ የሁለት ዓመት ላብራዶር ዘር ውሻ ነው። ቢጫ፣ ደረተ ሰፊ፣ ኳስ ካየ ሌላውን ሁሉ የሚረሳ። ባለፈው ዓመት ከልጄ ጋር ሐይቅ ዳር ወሰድነው። ወደ ውሃው ዘልቆ የተሠራ የእንጨት መድረክ አለ፤ እዚህ አሜሪካ ዶክ ይሉታል። ኳሱን ወረወርኩለት። ቦቢ እስከ ጫፉ ሮጠና ቀጥ ብሎ ቆመ። ኳሱን አየ፣ ውሃውን አየ፣ እኔን አየኝ። ከዚያ ሆዱን እንጨቱ ላይ ለጥፎ ማላዘን ጀመረ።

እኔም ከልጅነቴ የማውቀውን አደረግኩ። ከኋላው ሄጄ ገፋሁት።

ጠልቆ ወጣ፣ ዋኝቶም ዳር ደረሰ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን መድረኩን ገና ከሩቁ ሲያይ እግሩን ይተክላል። እኔ ከኋላው ከሆንኩ ደግሞ ዞሮ ያየኛል። አንጀቴን የበላው ይሄ ነው።

አገር ቤት እኔም ዋና የተማርኩት እንዲሁ ነው። ታላቅ ወንድሜ ከድንጋይ ላይ ገፍትሮ ወንዝ ውስጥ ጣለኝ። “ትለምደዋለህ!” አለኝ። ለመድኩትም። ግን እስከ ዛሬ ውሃ ዳር ቆሜ ከኋላዬ የሰው ኮቴ ከሰማሁ እዞራለሁ። ወንድሜ ክፉ ሆኖ አይደለም። እሱንም ሰው ገፍቶት ነው የተማረው። ደግሞም እኔን በገፋኝ ቅጽበት ልብሱን ሳያወልቅ ተከትሎኝ ዘሏል። ይህን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ነው።

የቦቢ ነገር ግራ ያጋባኝ ዘሩን ስለማውቅ ነው። የላብራዶር አያቶች የካናዳዋ ኒውፋውንድላንድ ዓሣ አጥማጆች የሥራ ውሾች ነበሩ። ፀጉሩ ድርብ ነው፣ ውስጠኛው ቅዝቃዜ ይከላከላል። በጣቶቹ መካከል ቆዳ አለው። ወፍራም ጅራቱ ውሃ ውስጥ እንደ መሪ ያገለግለዋል። ታዲያ ምን አስፈራው? መልሱን የነገሩኝ ጎረቤቴ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ሪትሪቨር (እንደ ላብራዶር ያሉ አምጪ ውሾች) ያሳደጉ ጡረተኛ ሴት። “መዋኘት በደሙ አለ፣ ከከፍታ መዝለል ግን የለም” አሉኝ። “በየት እንደሚወጣ ሳያውቅ እንዴት ይግባ? መጀመሪያ መውጫውን አሳየው።”

ዘንድሮ ውሃው ሲሞቅ እንደ አዲስ ጀመርን። መድረኩን ለሳምንታት አልረገጥንም። በመጀመሪያ ደረቅ መሬት ላይ የተወረወረለትን ይዞ መመለስ። ቀጥሎ ውሃው ሆዱ ጋ የሚደርስበት ለስላሳ ዳርቻ። ተንሳፋፊ መጫወቻውን አንድ እርምጃ ያህል ብቻ አርቄ እጥልለታለሁ፣ ነገ ሁለት፣ ከነገ ወዲያ እግሩ መሬት እስኪለቅ። ጎረቤቴ ጀርባው ላይ እጀታ ያለው ላይፍ ጃኬት፣ ውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ ልብስ፣ አልብሰው ብለውኝ ነበር። ምክንያቱን በዓይኔ አየሁት። ጀማሪ ውሻ በድንጋጤ የፊት እግሮቹን ከውሃ እያወጣ ውሃውን ይደበድባል፣ የኋላው ይሰምጣል። ጃኬቱ ወገቡን ሲያነሳለት ቦቢ ጋ መደብደቡ ቆመ፤ ጀርባው ተስተካከለ፣ ትንፋሹ ረጋ። ከዚያ መውጫው። ከመድረኩ ጎን ያለውን ተዳፋት ደጋግሞ ከውሃ ወደ ላይ ወጣው፣ በቃኝ እስክል።

መድረኩ ላይ የወጣን ቀን መጫወቻውን አልወረወርኩም። አፍንጫው ሥር ውሃው ላይ ጣል አደረግኩት። አንገቱን ዘረጋ። የፊት እግሮቹ ጫፉን አለፉ። ጥፍሮቹ እንጨቱን ሲቧጥጡ ይሰማል። መለስ አለ። እንደገና ዘረጋ። እኔ ጎኑ ተቀምጫለሁ፣ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ። ከዚያ ሸርተት ብሎ ገባና ይዞት ወጣ።

የቀረው ቀላል ነበር። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ ሩጫ። መጫወቻውን ጫፉ ላይ ሲደርስ ከአፍንጫው ፊት ለፊት ትንሽ ከፍ አድርጎ መወርወር ነው። ወደ ላይ ካየ ወደ ታች ማየቱን ይረሳል። ግን ውሻው ገና መጫወት እየፈለገ ሳለ ማቆም ያስፈልጋል። ብዙ ውሃ የዋጠ ውሻ የደሙ ጨው ተመናምኖ ሊሞት ይችላልና ይሄ የሚናቅ ነገር አይደለም። የውሃውን ጥልቀትና የተደበቀ ግንድ መኖሩን ቀድሞ በራስ እግር መፈተሽም እንዲሁ።

እዚህ ነገሩ ስፖርት ሆኗል። ዶክዶግስ የሚባለው የውሾች ዝላይ ውድድር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። መድረኩ 40 ጫማ ይረዝማል፣ ከውሃው 2 ጫማ ከፍ ይላል። የሚለካው ከመድረኩ ጫፍ የውሻው የጅራት ሥር ውሃውን እስከነካበት ነው። በ2019 ሳውንደርስ የተባለ ዊፔት (ቀጭን ሯጭ የውሻ ዘር) በመሰል ውድድር 36 ጫማ ከ2 ኢንች ዘሏል፣ 11 ሜትር ገደማ ማለት ነው። ቦቢ ሁለት ሜትር ከዘለለ ለኔ በቂ ነው።

ለአገር ቤት ሰው ይህ ሁሉ ትዕግሥት ለውሻ ሲባል እንደሚደንቀው አውቃለሁ። እኛ ጋ ውሻ ግቢ ጠባቂ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ አሁንም ሰው ስለሚገድል ፍርሃታችንም ከሜዳ የመጣ አይደለም። ግን ግቢያችን ውስጥ ያደገው ውሻ ምን ይፈራ እንደነበር አንድም ቀን አስበን አናውቅም። የኔን ፍርሃትም የጠየቀኝ አልነበረም። በሌላ በኩል ወንዙ ዳር አሥር ልጅ ዙሪያዬን ነበር። እዚህ ልጄ ሐይቅ ስትገባ የሚያያት እኔ ብቻ ነኝ።

ቅዳሜ ቦቢ ሮጦ፣ አራቱንም እግሩን ዘርግቶ ዘለለ። ልጄ ቀረጸችውና ለእናቴ ላክንላት። ወዲያው ደወለች።

“ውሻ ደግሞ እንዲህ ይዘላል እንዴ፣ ልጄ? ማን ገፋው?”

“ማንም አልገፋውም እማዬ። እስቲ ደግመሽ እዪው።”