የነዳጅ ታክስ ከሁሉ አስቀድሞ ዋጋን ያረጋጋ

የቤንዚን ዋጋ በናረ ቁጥር የሚነሣው ክርክር በየአገሩ ብዙም አይለያይም። አንዱ ወገን መንግሥት በነዳጅ ላይ የጣለውን ታክስ ይቀንስልን ይላል፤ ሌላው ደግሞ ቤንዚን ካልተወደደ ከሰብል የሚሠራው የአልኮል ነዳጅ ኢታኖልም ሆነ የኤሌክትሪክ መኪና ገበያ አያገኝምና ታክሱ ይጨመር ብሎ ይሟገታል። ሁለቱም የሚከራከሩት ዋጋው ምን ያህል ይሁን በሚለው ላይ ነው። በእኔ እምነት ግን ላለፉት ሃምሳ ዓመታት አማራጭ ነዳጆችን ደጋግሞ ያሰናከላቸው ከዋጋው መጠን ይልቅ መዋዠቁ ስለሆነ፣ የታክስ ፖሊሲ በቅድሚያ መፍታት ያለበት ይህንን ችግር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1973 የዓረብ ነዳጅ አምራቾች ማዕቀብ ከጣሉ በኋላ 3 ዶላር ገደማ የነበረው የአንድ በርሜል ድፍድፍ (ያልተጣራ) ነዳጅ ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 12 ዶላር ተጠጋ፤ ከ1979ኙ የኢራን አብዮት በኋላ ደግሞ ከ30 ዶላር አለፈ። ይህን ዋጋ ተማምኖ የአሜሪካው የነዳጅ ኩባንያ ኤክሶን በአሜሪካ የኮሎራዶ ግዛት ምዕራባዊ ክፍል ዘይት ካዘለ ድንጋይ ነዳጅ ለማምረት ግዙፍ ፕሮጀክት ጀመረ። ዋጋው ማሽቆልቆል ሲጀምር ግን በሜይ 2 ቀን 1982 ፕሮጀክቱን መዝጋቱን አስታወቀ፤ ከ2,000 በላይ ሠራተኞችም በአንድ ጊዜ ሥራቸውን አጡ። የአካባቢው ሰዎች ዕለቱን እስከ ዛሬ «ጥቁሩ እሑድ» ይሉታል። የድንጋይ ዘይት አካባቢን የሚበክል ስለሆነ ፕሮጀክቱ በመቅረቱ አላዝንም፤ የሚያሳስበኝ ባለሀብቶች ከዚያ የወሰዱት ፍርሃት ለንጹሖቹ አማራጮችም መትረፉ ነው።

የብራዚል ታሪክ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ያስተምራል። አገሪቱ በ1975 ፕሮአልኮል የተባለውን ፕሮግራም ጀምራ ከሸንኮራ አገዳ ኢታኖል በስፋት ማምረት ያዘች፤ በ1980ዎቹ አጋማሽም ከሚሸጡት አዳዲስ መኪኖች አብዛኞቹ በኢታኖል ብቻ የሚሠሩ ነበሩ። በ1986 የድፍድፍ ዋጋ ሲወድቅ ግን ኢታኖልን ከቤንዚን እኩል ለማቆየት የሚያስፈልገው ድጎማ መንግሥትን ከበደው፤ አምራቾቹም የተሻለ ዋጋ ወደሚያወጣው ስኳር ፊታቸውን አዞሩ። በ1989 መገባደጃ ኢታኖል ከማደያዎች ሲጠፋ፣ ሌላ ነዳጅ የማይቀበል መኪና የገዛው ሕዝብ ረጅም ሰልፍ ይዞ ቆመ። የጠፋው እምነት በከፊል የተመለሰው በ2003 ቤንዚንንም ኢታኖልንም የሚጠቀሙ መኪኖች ገበያ ላይ ሲውሉ ነው። ዛሬ ብራዚላዊው አሽከርካሪ ማደያ ሲደርስ ሁለቱን ዋጋዎች ያስተያያል፤ አንድ ሊትር ኢታኖል ከቤንዚን በአንድ ሦስተኛ ገደማ ያነሰ ኃይል ስላለው፣ ዋጋው ከቤንዚኑ 70 በመቶ በታች ከሆነ ኢታኖሉን ይቀዳል።

የዚህ ሁሉ ምክንያቱ ግልጽ ነው። የአማራጭ ነዳጅ ፋብሪካ ተገንብቶ ወጪውን እስኪመልስ ብዙ ዓመታት ይፈጅበታል፤ ስለዚህ አበዳሪው የሚመዝነው የዛሬውን የቤንዚን ዋጋ ሳይሆን በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ሊደርስ የሚችለውን ዝቅተኛ ዋጋ ነው። ጉድጓዱን ቀድሞ የቆፈረ የድፍድፍ አምራች ዋጋው በግማሽ ቢወርድም የዕለት ወጪውን እስከሸፈነ ድረስ መቅዳቱን ይቀጥላል፤ አዲሱ ተፎካካሪ ግን ያን ጊዜ ይከስራል። በ2008 ብቻ በጁላይ ከ140 ዶላር በላይ የነበረው በርሜል በዓመቱ መጨረሻ ከ50 ዶላር በታች ወርዷል።

ለዚህ ቋሚ ታክስ መልስ አይሆንም። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ከ1993 ጀምሮ ከአንድ ጋሎን ቤንዚን የሚሰበስበው 18.4 ሳንቲም ነው፤ ድፍድፍ ሲወደድም ሲረክስም አይለወጥም። የሚያስፈልገው ከድፍድፍ ዋጋ ጋር በተቃራኒው የሚንቀሳቀስ ታክስ ነው። ለምሳሌ የወለል ዋጋው፣ ማለትም ድፍድፉ ታክሱ ተጨምሮበት ከዚያ በታች የማይወርድበት ዋጋ፣ በርሜሉ 70 ዶላር ይሁን ብንል፣ ድፍድፉ 50 ሲሆን ታክሱ 20 ዶላር ይሆናል፤ 90 ሲደርስ ደግሞ ጨርሶ ይቀራል። አሽከርካሪው ከወለሉ በታች ያለውን ቅናሽ ያጣል፤ በምትኩ አማራጩን የሚያመርተው ሰው ምን ዓይነት ዋጋ እንደሚጠብቀው ያውቃል።

ፈረንሳይ በኦክቶበር 2000 ከድፍድፍ ዋጋ ጋር በተቃራኒው ከፍ ዝቅ የሚል «ተንሳፋፊ» ታክስ ሞክራ በጁላይ 2002 ትታዋለች። ያ ታክስ የተጀመረው የተወደደውን ዋጋ ለማስታገስ ስለነበር መንግሥት ገቢ አጣበት። እኔ የምለው ግን በመርከስ ጊዜ የሚሰበስብ፣ በውድነት ጊዜ እጁን የሚሰበስብ ታክስ ነው።

ድሃው ይጎዳል የሚለው ስጋት በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በ2018 በፈረንሳይ ቢጫ ሰደርያ ለብሰው አደባባይ የወጡት አብዛኞቹ ከከተማ ርቀው የሚኖሩ፣ ያለ መኪና ሥራ መድረስ የማይችሉ ሰዎች ነበሩ፤ መንግሥትም ለ2019 የታቀደውን ጭማሪ ለመተው ተገደደ። ስለዚህ የተሰበሰበው ገንዘብ ለሕዝቡ በነፍስ ወከፍ እኩል ይመለስ፤ የሕዝብ ትራንስፖርት በሌለበት ለሚኖረውም ተጨማሪ ድርሻ ይሰጠው። በሁሉም ነዳጅ ላይ የሚጣለው መደበኛ ታክስም በሊትር ሳይሆን ነዳጁ በያዘው ኃይል መጠን ይሰላ፤ አለበለዚያ ኢታኖል ለሚሰጠው ኃይል ከቤንዚን በላይ ይቀጣል።

ሕጉን ለማውጣት የሚመቸው ጊዜ ድፍድፍ ከወለሉ በላይ በሆነበት ወቅት ነው። ታክሱ ያን ጊዜ ዜሮ ስለሚሆን በማደያው ዋጋ ላይ የሚጨምረው ነገር የለም፤ ባለሀብቱ ግን ከዚያው ቀን ጀምሮ ሊተማመንበት ይችላል። የወለል ዋጋው ቢያንስ ለአሥር ዓመት በሕግ ይጽና፤ በጀት በጎደለ ቁጥር የሚነካካ ከሆነ አበዳሪው እንደ ገበያው ዋጋ ሁሉ አያምነውም።