መንተባተብ ከፍርሃት የሚመጣ አይደለም

"የሚንተባተብ ሰው ፈሪ ስለሆነ ነው፣ በራስ መተማመን ቢኖረው ይተወው ነበር" ላልከው ወንድሜ፣ ይሄን ብዙ ሰው ስለሚያምነው ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እኔ ራሴ ከልጅነቴ ጀምሮ እንተባተባለሁ። መንተባተብ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው እድሜ ነው፣ በዘር የመተላለፍ ነገር አለው፣ አንጎል ንግግርን ከሚያቀናጅበት መንገድ ጋርም ይያያዛል። ጭንቀት ሊያባብሰው ይችላል እንጂ አያመጣውም፣ እንደውም ብዙ ጊዜ ፍርሃቱ የሚመጣው በኋላ ነው፣ ሰው ሲስቅብህ፣ ቃሉን ከአፍህ ሲነጥቅህ፣ ስልክ ላይ ስምህን ለመናገር ስትታገል ኔትወርክ መስሎት ሲዘጋብህ። የምንለውን እናውቀዋለን እኮ! ቃሉ ጭንቅላታችን ውስጥ አለ፣ አልወጣ የሚለው ድምፁ ነው። ስንዘፍን ደግሞ አብዛኞቻችን አንንተባተብም፣ የሚገርመው ይሄ ነው።

"ተረጋጋ፣ ቀስ በል፣ ትንፋሽ ውሰድ" የምትሉን ከልባችሁ እንደሆነ ይገባኛል ግን ይበልጥ ያስጨንቀናል፣ በቃ እስክንጨርስ ጠብቁን፣ ቃሉን አትሙሉልን። ልጅ ላይ ካያችሁት ብዙዎቹን እያደጉ ሲሄዱ ይተዋቸዋል፣ ከቆየ ግን የንግግር ቴራፒስት ጋ ውሰዱት እንጂ አትቆጡት።